የሕፃኑ ጥግ፦ ጠባብ የኪራይ ቤትና የሙቀት ሕግ

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ያጣ ወላጅን ያጽናናል፤ የተጨነቀችውንም እናት ያበረታታል። ይሁን እንጂ ተፈጥሮን መመርመር ሥራው የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ለመሆኑ ዕድል ከምንለው ነገር ምን ያህሉ በእርግጥ ከእጃችን ውጭ ነው? ምን ያህሉስ አልጋው ከተዘረጋበት ጥግ፣ ከግድግዳው ቀለም፣ ከጣሪያው ቆርቆሮና ከከሰሉ ምድጃ ጋር የተያያዘ ነው? የእኛ አስተያየት ግልጽ ነው። የአንድ ጨቅላ ሕፃን የመጀመሪያ ወራት ዕድል ጥቂት የማይባል ክፍሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ጥግ ውስጥ ይወሰናል። ያን ጥግ ለማሰናዳት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የትኛው ነገር እንደሚቀድም ማወቅ ነው።

ለአብነት በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር የምትገኘውን ዘመሮን እንውሰድ። በመንዝና በግሼ ደጋ እንዳሉት ሌሎች ትንንሽ ከተሞች ሁሉ ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም የግብርና ባለሙያ ኑሮውን የሚጀምረው በአብዛኛው በኪራይ ቤት ነው። ቤቱ ብዙውን ጊዜ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ ወይም በድንጋይ የተገነባ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ አንድ በርና አንድ ጠባብ መስኮት ያለው አንድ ክፍል ነው። በዚያው ክፍል ይተኛል፤ በዚያው ይበሰላል፤ በዚያው እንግዳ ይስተናገዳል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል። የወጣቶቹ ባልና ሚስት የመጀመሪያ ልጅ የሚታቀፈው በዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚህ መጽሔት አንባቢያን መካከል ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሳቸውን በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ማግኘታቸው ስለማይቀር ጉዳዩ የሩቅ አይደለም።

ክፍል ወይስ ጥግ?

ለከፍተኛ ትምህርት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት የሕፃናት ዕቃ የሚሸጥባቸውን ሰፋፊ መደብሮች አይተናል። ገና ላልተወለደ ልጅ የራሱ ክፍል ይዘጋጅለታል። ግድግዳው ሮዝ ወይም ሰማያዊ ይቀባል፤ ከጣሪያው ላይ የሚሽከረከሩ መጫወቻዎች ይንጠለጠላሉ፤ አልጋው በትራስና በአሻንጉሊት ይሞላል። ይህ ሥዕል በቴሌቪዥንና በስልክ በኩል ወደ እኛም አገር ከገባ ቆይቷል። በውጤቱም በአንድ ክፍል የሚኖሩ ወጣት ወላጆች ለልጃቸው «ክፍል» ማዘጋጀት ስላልቻሉ አንድ ትልቅ ነገር የነፈጉት ያህል ሲሰማቸው እናያለን።

ሳይንሱ የሚለው ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ባደሰው ምክሩ ሕፃን ቢያንስ እስከ ስድስት ወሩ ድረስ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ያሳስባል። መኝታው ጠፍጣፋና ጠንካራ እንዲሆን፣ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አሻንጉሊት እንዳይኖርበት፣ ሕፃኑም በጀርባው እንዲተኛ ይመክራል። በአሜሪካ ሕፃናትን በጀርባቸው የማስተኛት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተጀመረ በኋላ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። እንግዲህ በዘመሮ የሚኖረው ተከራይ ከግዴታ የተነሣ የሚያደርገውን ባለጸጋው አገር በምርምር ደርሶበታል ማለት ነው። ለሕፃኑ የተለየ ክፍል አለመኖሩ ጉዳት አይደለም፤ ከእናቱ አልጋ አጠገብ በሚገባ የተሰናዳ አንድ ጥግ ይበቃዋል።

ታዲያ «በሚገባ የተሰናዳ» ማለት ምን ማለት ነው? እኛ የምናቀርበው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፤ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ሙቀት፣ ከዚያ የግድግዳው ገጽ፣ በመጨረሻም ለዓይን የሚሆነው ጌጥ። አብዛኛዎቻችን ግን የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው።

አየር፦ የማይታየው እንግዳ

የደጋ ሰው አራስን ከብርድ መጠበቅ ያውቅበታል። በሩ ይዘጋል፤ መጋረጃ ይጋረዳል፤ ፍሙ የጋለ የከሰል ምድጃም ወደ ክፍሉ ይገባል። ዓላማው ፍቅር ነው። ነገር ግን በዚህ ልማድ ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ የከፋው አደጋ ተደብቋል። ከሰል በበቂ አየር ውስጥ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ አየር ሲያጥረው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ በብዛት ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከዚህ ጋዝ ጋር ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ጥንካሬ ይጣበቃል። በመሆኑም ጥቂቱ ጋዝ እንኳ የብዙውን ኦክስጅን ቦታ ይይዛል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች በተደጋጋሚ ይሰማሉ። የመጀመሪያው «ከሰሉ ጭሱን ጨርሷል፤ አሁን አይጎዳም» የሚለው ነው። ጭስ ማለት ያልተቃጠሉ ጥቃቅን ብናኞችና ጋዞች ናቸው፤ የጭሱ መጥፋት የካርቦን ሞኖክሳይድን መጥፋት አያመለክትም። እንዲያውም ቀይ ፍም ብቻ ሲቀር ሰው ስለሚዘናጋ አደጋው ይጨምራል። ሁለተኛው «ደጋ ስለሆነ አየሩ ንጹሕ ነው» የሚለው ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የኦክስጅኑም መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በመንዝ ደጋ የሚኖር ሰው ቀድሞውኑ በተቀነሰ ኦክስጅን ላይ ነውና ሌላ ቅናሽ የሚሸከምበት ትርፍ አቅም ያንሰዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በቤት ውስጥ ከሚነድ ነዳጅ የሚወጣው ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል፤ ከነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ የሕፃኑን ጥግ የማስዋብ የመጀመሪያው ሥራ አንድ ነገር ከክፍሉ ማውጣት ነው። ከሰል በውጭ ይቀጣጠል፤ ምግብም ቡናም በተቻለ መጠን በደጅ ወይም በሌላ ጎጆ ይሠራ፤ ሰው ሊተኛ ሲል ምድጃው ከነፍሙ ከቤት ይውጣ። መጋረጃው ይቅር አንልም። አያቶች ልጁን ከሰው ዓይንና ከብርድ ሊጠብቁ የሰቀሉትን መጋረጃ አውርዱ ማለት ቤተ ዘመድን ማስቀየም ነው። መጋረጃው ከጣሪያው ጋር እንዳይገጥም አድርጎ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት መተውና መስኮቱን በቀን መክፈት ግን ማንንም አያስቀይምም።

ሙቀት፦ የስድስት ዋት ምድጃ

ምድጃውን ካወጣን በኋላ «ታዲያ ልጁ በምን ይሞቃል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱ ከፊዚክስ የመጀመሪያ ትምህርቶች ይገኛል።

አካል ሙቀት የሚያመነጨው በክብደቱ ልክ ሲሆን የሚያጣው ደግሞ በቆዳው ስፋት ልክ ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጎልማሳ የቆዳው ስፋት 1.65 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 275 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል። 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጨቅላ የቆዳው ስፋት 0.21 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን ለእያንዳንዱ ኪሎ 700 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ይህም ከጎልማሳው ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። በተጨማሪም ጨቅላ እንደ አዋቂ በመንቀጥቀጥ ራሱን ማሞቅ አይችልም። በትከሻውና በአንገቱ አካባቢ ያለውን ልዩ ቡናማ ስብ ያቃጥላል። ለሙቀት የተቃጠለው ጉልበት ደግሞ ለዕድገት ሊውል ይችል የነበረ ነው።

ጨቅላው በዕረፍት ላይ ሳለ በኪሎ ግራም 2 ዋት ያህል፣ በድምሩ ወደ 6 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል እንበል። አሁን እናቱ ጨርቁን ልትቀይርለት ገላልጣዋለች። ቆዳው 34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ አልጋው የተጠጋበት የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ በውርጩ ሌሊት 10 ዲግሪ ላይ ይገኛል። አየሩ ምንም ያህል ቢሞቅ ሁለቱ ገጾች እርስ በርስ በጨረር ሙቀት ይለዋወጣሉ። የስቴፋንና የቦልትዝማንን ሕግ ተጠቅመን ብናሰላው ሕፃኑ ከያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቆዳ 140 ዋት ገደማ ያጣል። ከገላው 0.1 ካሬ ሜትር የሚሆነው ወደ ግድግዳው ቢዞር ኪሳራው 14 ዋት ይሆናል። ይህ እርሱ ከሚያመነጨው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ክፍሉ ሞቆ ሳለ ልጅ የሚበርደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያበርደው አየሩ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውም ነው።

መፍትሔው በመንዝ ሰው እጅ ላይ ከቆየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የመንዝ በግ በጸጉሩ የታወቀ ነው። ከዚያ ጸጉር የሚፈተለውና የሚሸመነው ባና ከበርኖሱ ጋር የደጋውን ብርድ ሲከላከል የኖረ ልብስ ነው። የሱፍ ክር ጥምዝምዝ ስለሆነ በመሐሉ ብዙ አየር ይዞ ያስቀራል፤ የቆመ አየር ደግሞ ሙቀትን አስተላላፊነቱ እጅግ ደካማ ነው። የሱፍ ሙቀት አስተላላፊነት በሜትርና በዲግሪ 0.04 ዋት ገደማ ሲሆን የድንጋይ ግን 1.7 አካባቢ ነው። ከዚህ ተነሥተን ብናካፍል 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ ሙቀትን የሚቋቋመው 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የሱፍ ድርብ ያህል ብቻ ነው። የታጠፈ ባና በአልጋው ጀርባ መስቀል ማለት ሁለተኛ የድንጋይ ግድግዳ እንደ ማቆም ነው።

በዚህ ምክንያት የግድግዳው ገጽ ከ10 ወደ 13 ዲግሪ ብቻ ከፍ ቢል የሕፃኑ የጨረር ኪሳራ ከ14 ወደ 12.5 ዋት ገደማ ይወርዳል። ልዩነቱ ለእኛ ትንሽ ይመስለናል። ለስድስት ዋት ምድጃ ግን አንድ ዋት ተኩል ማለት የገቢው ሩብ ነው። ልብ በሉ! ባናው የሚሰቀለው በአልጋው ጀርባ ነው፤ በሕፃኑ ላይ የሚከመር አይደለም። ከባድ ባና ፊቱ ላይ ቢወድቅ ጨቅላው ሊያነሳው አይችልም። ለልጁ ስስ ልብስ ደርቦ ማልበስ፣ ራሱንም በቆብ መሸፈን ይሻላል።

ከግድግዳው ቀጥሎ የጣሪያው ጉዳይ አለ። ቀደም ሲል የአካባቢው ቤት ክዳን ሣር ነበር። የአካባቢው ማኅበረሰብ ለረጅም ዘመን በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረው የጓሳ ሣርም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሣ ሲያገለግል ቆይቷል። የሣር ክዳን እንደ ሱፍ ሁሉ አየር ይዞ ያስቀራል። ቆርቆሮ ዝናብን በሚገባ ይከለክላል፤ ሙቀትን ግን ፈጽሞ አይዝም። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ሌሊት ከቆርቆሮ ሥር የሚንጠባጠበው «ላብ» የዚህ ምልክት ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛው ቆርቆሮና በሕፃኑ መካከል አንድ ጨርቅ መዘርጋት ይገባል። በሁለት ገጾች መካከል የገባ አንድ ስስ ጋሻ በመካከላቸው ያለውን የጨረር ልውውጥ በግማሽ እንደሚቀንስ በሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ትምህርት እናሰላለን። ብዙ ቤቶች ውስጥ የምናየው የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ኮርኒስ የሌለው ተከራይም ከአልጋው በላይ ብቻ አንድ ንጹሕ አቡጀዲ ወጥሮ ማሠር ይችላል።

አልጋውም ከመሬት ከፍ ይበል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በወለሉ ላይ ይተኛል። መኝታውን ማሞቅ ቢያስፈልግ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ዕቃ ልጁ ከመተኛቱ በፊት አልጋው ላይ አስቀምጦ፣ ልጁ ሲተኛ ማንሳት ይበቃል። ሁለት ሊትር ውኃ ከ60 ወደ 35 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 209 ኪሎ ጁል ይለቃል። ይህም ለሁለት ሰዓት ያህል 29 ዋት እንደ ማግኘት ነው፤ ጋዝም የለበትም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእናት ገላ ነው። በዕረፍት ላይ ያለች እናት 80 ዋት ያህል ታመነጫለች፤ ሙቀቷም ሁልጊዜ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የማሞቂያ መሣሪያ ያጠራቸው ሐኪሞች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርገው ማቀፍ ጀመሩ። ዘዴው ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት የሚመከር ሆኗል።

የግድግዳው ገጽ፦ ደማቁ ቀለም

አየሩና ሙቀቱ ከተስተካከሉ በኋላ ወደ ግድግዳው እንመጣለን። አዲስ አባት የመጀመሪያ ደመወዙን ቆጥቦ ደማቅ ቢጫ ወይም ቀይ የዘይት ቀለም ገዝቶ ክፍሉን ቢቀባ ማን ይፈርድበታል? ይሁን እንጂ ለዘመናት ደማቁን ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የዘይት ቀለም ሲያደምቅ የኖረው በተለምዶ ሊድ የምንለው የእርሳስ ብረት ውሕድ ነው። ይህ ብረት በማደግ ላይ ያለ አእምሮን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያስከትል ነው ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለም። ሕፃናት ከዋጡት ሊድ ወደ ደማቸው የሚያስገቡት ከአዋቂ በአራትና በአምስት እጥፍ ይበልጣል። ሕፃን ደግሞ የሚድኸውና እጁን ወደ አፉ የሚያስገባው ቀለሙ ተላልጦ በወደቀበት ወለል ላይ ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ መሠረት በቀለም ውስጥ ያለው የሊድ መጠን ከ90 ክፍል በሚሊዮን እንዳይበልጥ ተወስኗል። ደንቡ መልካም እርምጃ ነው። ነገር ግን ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ዛሬም እየተላላጠ ነው፤ ከደንቡ ቀን ጋር አብሮ አልታደሰም። ስለዚህ የኪራይ ቤቱ በር ቀለሙ አርጅቶ የሚላላጥ ከሆነ በደረቁ መፋቅ አይገባም፤ አቧራው ከልጣጩ የባሰ ነው። በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ በወረቀት ወይም በጨርቅ መሸፈን፣ የሕፃኑንም አልጋ ከዚያ ማራቅ ይሻላል። አዲስ ቀለም የሚገዛም በጣሳው ላይ የተጻፈውን ያንብብ፤ ስለ ሊድ ምንም ያልተጻፈበትን ለሕፃኑ ጥግ አይምረጥ።

ርካሹ አማራጭ ኖራ ነው። በውኃ የተበጠበጠ ኖራ ግድግዳ ላይ ተቀብቶ ሲደርቅ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ በሃ ድንጋይ ዓይነት ንጥረ ነገር ይለወጣል። እርጥቡ ኖራ ዓይንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ልጁ ከመወለዱ ከሳምንታት በፊት፣ በጥንቃቄና በሩን ከፍቶ መቀባት ያስፈልጋል። በብዙ ቤቶች እንደሚደረገው ግድግዳውን በጋዜጣ መለጠፍም የሚናቅ አይደለም። የጭቃውን ስንጥቅ ይዘጋል፤ ነፋስ እንዳይገባ ያግዳል፤ ነገ ፊደል ለሚቆጥረው ልጅም የመጀመሪያ ንባቡ ይሆናል። ሲለጠፍ ግን ትኋን እንዳይሸሸግበት ሳይነፋ ከግድግዳው ጋር በደንብ መያያዝ አለበት፤ ከእሳትም መራቅ አለበት።

ብርሃንና ጌጥ፦ ሕፃኑ ምን ያያል?

ነጭ ግድግዳ ከውበት ያለፈ ጥቅም አለው። በመስኮት የገባ ብርሃን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ክፍሉን ይሞላል። ግድግዳው ከሚያርፍበት ብርሃን 30 በመቶውን ብቻ የሚመልስ ጭቃ ከሆነ የድግግሞሹ ድምር ከመጀመሪያው ብርሃን 1.4 እጥፍ ብቻ ይሆናል። 80 በመቶውን የሚመልስ ኖራ ከሆነ ግን ድምሩ አምስት እጥፍ ይደርሳል። መስኮቱን ማስፋት የማይፈቀድለት ተከራይ በአንድ ባልዲ ኖራ ከሦስት እጥፍ በላይ ብርሃን ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። ስሌቱ በሩንና መስኮቱን፣ ወለሉንና ዕቃውን ስላላካተተ ከእውነታው ከፍ ያለ ነው፤ አቅጣጫውን ግን በትክክል ያሳያል። በዚህ ብርሃን ብቻ እናት የልጇን ቆዳ ቢጫ መሆኑን ወይም ከንፈሩ መጥቆሩን በጊዜ ልታይ ትችላለች። በጨለማ ክፍል ውስጥ ይህ ምልክት ሳይታይ ያልፋል።

ስለ ጌጡስ? አዲስ የተወለደ ሕፃን በተሻለ ሁኔታ የሚያየው ከዓይኑ 20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነው። ይህም እያጠባች ያለች እናት ፊት የሚገኝበት ርቀት ነው። ማዶ ካለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ውድ ሥዕል ለእርሱ ብዥታ ነው። ቀለማትንም እንደ እኛ መለየት የሚጀምረው ወራት ካለፉ በኋላ ነው። በደብዛዛ ሮዝና በደብዛዛ ሰማያዊ ላይ የሚደረገው ክርክር የወላጆች እንጂ የሕፃኑ አይደለም። ሮበርት ፋንትዝ የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት ጥናት ከአምስት ቀን ያልበለጠ ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት እንኳ ንድፍ የሌለውን ባለቀለም ገጽ ትተው ጥቁርና ነጭ ንድፍ ያለውን ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚመለከቱ አሳይተዋል።

አሁን ወደ ባናው እንመለስ። የመንዝ በግ ጥቁር አለ፤ ነጭ አለ፤ ቡናማም አለ። ያልተነከረ የተፈጥሮ ጸጉር ተሸምኖ ጥቁርና ነጭ መሥመር ያለው ባና ሲወጣው፣ ግድግዳውን የሚያሞቀው ልብስ የሕፃኑን ዓይን የሚስብ ጌጥም ይሆናል። ቀለም አልተገዛበትም፤ መርዝም የለበትም። ወራት አልፈው ልጁ ቀለም መለየት ሲጀምር ደግሞ የአለላው ስፌት ይጠብቀዋል። እጁ እስኪደርስበት ድረስ ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ምንም ክርና ገመድ ግን ወደ አልጋው እንዳይወርድ።

የአከራዩ ምስማር

አንባቢ ሁለት ተቃውሞ ሊያነሳ ይችላል። የመጀመሪያው «ቤቱ የእኔ አይደለም፤ አከራዩ ምስማር እንኳ አያስመታኝም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ምስማር የጭቃ ምርጉን ይጥለዋል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ሳይሆን በግድግዳው ፊት መሥራት ይበጃል። አራት ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ቋሚዎችን በአልጋው አራት ማዕዘን አቁሞ፣ ከላይና ከታች በአግዳሚ እንጨት አጥብቆ ማሠር ይቻላል። በጀርባው ባና ይሰቀላል፤ ከላይ አቡጀዲ ይወጠራል። እንዳይወድቅ እግሩ ሰፋ ይበል፤ እሳትም አይጠጋው። ባለቤቶቹ ቤት ሲቀይሩ ፈትተው ይዘውት ይሄዳሉ። ከአከራይ ጋር የሚደረገው ንግግር ደግሞ በሁለት ነገር ላይ ብቻ ይሁን፤ ግድግዳውን በኖራ ለመቀባትና መስኮቱ እንዲከፈት። ለእኛ እንደሚመስለን ሕፃን ላለበት ቤተሰብ የማይከፈት መስኮት ያለው ክፍል ማከራየት በወጉም ቢሆን የሚያሳፍር ሊሆን ይገባል። አከራዮቻችንም አብዛኛዎቹ እናቶችና አባቶች ናቸውና ምክንያቱ ሲነገራቸው ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ «ዳቦ ላጣ ሰው ስለ ጌጥ ትሰብካላችሁ» የሚለው ነው። ጌጥ ማለት ሮዝ ቀለምና የሚሽከረከር አሻንጉሊት ከሆነ ተቃውሞው ትክክል ነው። እኛ የዘረዘርናቸው ነገሮች ግን በአብዛኛው በቤት ያሉ ናቸው፤ የሚጠይቁትም ቦታቸውን መለወጥ ነው። ምድጃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ባናው ከላይ ወደ ጀርባ ይዞራል፤ አልጋው ከውጭው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይጠጋል። ድሃ የሆነ ቤት ስሕተት የሚሸከምበት ትርፍ አቅም ስለሌለው እንዲያውም ከባለጸጋው ይልቅ ሳይንስ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። በማዕከላዊ ማሞቂያ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ አልጋው የትም ቢቀመጥ ልዩነቱ ጥቂት ነው። በዘመሮ ግን የአንድ ክንድ ልዩነት በሕፃኑ ገላ ላይ ይለካል።

በመሆኑም ውድ አንባቢያን፣ በክፍል ውስጥ የምትማሩትን የጨረር ሕግና የሙቀት ቀመር ለፈተና ብቻ አታድርጉት። ነገ በተመደባችሁበት ከተማ ቁልፍ ተረክባችሁ ወደ ጠባቧ ክፍል ስትገቡ በእጃችሁ ግድግዳውን ዳስሱ፤ የትኛው ወገን እንደሚቀዘቅዝ ታውቃላችሁ። መስኮቱን ክፈቱ፤ አየሩ ከየት እንደሚገባ ታያላችሁ። ጎረቤታችሁ አራስ ብትሆንና በጓዳዋ ከሰል ሲነድ ብታዩ፣ በአክብሮት ምክንያቱን አስረድታችሁ ምድጃውን ለማውጣት እርዱ። ዕድሉን ለልጁ እንተውለት፤ ጥጉን ማሰናዳት ግን የእኛ ድርሻ ነው።